አብሮ የሚዞረው ድንች

ማስተዋል እንጅባራ ውስጥ በርና መስኮት በመበየድ የምትተዳደር ሴት ናት። የጥሊሊ ገበሬዎች ማኅበር የተበላሸ ድንች ወደ ምድጃ ነዳጅ ለመለወጥ ሲነሣ ማብላያ ታንከሩን ከነሞተር ማማሰያው የሠራችለት እሷ ነች። ድንቹ ተቀቅሎ ይፈጭና ከብቅል ጋር ይደባለቃል፤ ቀጥሎ እርሾ ይጨመርበታል። እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮል ይሰጣል። ግን ሁለት ጊዜ ተጠንስሶ ሁለቴም ኮመጠጠ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ይሄነው የውኃ ቧንቧ አስመጥተው ግቢው ውስጥ አጋደሙት።

«ቅዳሜ ታንከሩ የውኃ ማጠራቀሚያ ይሆናል» አሏት።

«እስከ ቅዳሜ ግን የእኔ ነው፣ ጋሼ?»

«ያንቺ ነው። ከፈለግሽ ግቢና ተኚበት!»

እውነትም የኮመጠጠውን አስፈስሳ ታንከሩ ውስጥ ገባች። ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ዝቃጭ ተጋግሯል። እርሾው እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። እንግዲያው ማማሰያው ይፍጠን ብላ የሞተሩን ፍጥነት ጨመረችና ውኃ ሞልታ ሞከረችው። ውኃው እንደ አውሎ ነፋስ ተሽከረከረ። በረጅም ዘንግ ስትፈትሽ ግን ዝቃጩ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ምነው ልጄ፣ ጋሪ ነው የምትሠሪው? ፈረስ ላምጣልሽ?» ብለው ጋሼ ይሄነው ሳቁባት።

ቤቷ ገብታ በብርጭቆ ማሰሮ ውኃ ሞላችና ዳጉሳ በተነችበት። በማንኪያ አዞረችው። ባፈጠነችው ቁጥር ዳጉሳው መሃል ወለሉ ላይ ተከመረ። ውኃውም ዳጉሳውም ማንኪያውም አብረው ነበር የሚዞሩት፤ በአንድ ሚኒባስ እንደተሳፈሩ ሰዎች ማለት ነው። መኪናው የፈለገውን ያህል ቢከንፍ ማንም ከወንበሩ አይነሣም። አሁን የልጇን ማስመሪያ በማሰሮው ግድግዳ ጥግ አቆመች። የሚዞረው ውኃ ማስመሪያውን መታ፤ መንገድ ሲያጣ ወደ ላይና ወደ ታች ተገለበጠ። ዳጉሳው ከወለሉ ብድግ አለ!

ሐሙስ ታንከሩን አጥባ አናፈሰችው። ዓርብ አራት የላሜራ ቁራጮችን ከሥር እስከ አፍ በውስጥ ግድግዳው ላይ አቁማ በየደች። ሞተሩን ስታስነሣው አቃሰተ፤ ለካ እስከ ዛሬ ቀሎት የኖረው ሥራ ስላልሠራ ነው። ቺንጋውን፣ የሞተሩን ቀበቶ ማለት ነው፣ ወደ ትልቁ የፑሌጃ መዘውር አዛወረችና ማማሰያውን አዘገየችው።

ቅዳሜ ጠዋት የቀረው ድንች ተፈጭቶ ገባ። ማስተዋል ከታንከሩ ከላይኛው፣ ከመካከለኛውና ከታችኛው መቅጃ ሦስት ብርጭቆ ቀድታ ጋሼ ይሄነው ፊት ደረደረች። በፊት የላዩ ውኃ፣ የታቹ ገንፎ ነበር።

«የታችኛው የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

ሦስቱንም አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሡ፣ አሸተቱ፣ አዘነበሉ። ግራ የነበረውን ቀኝ አስቀመጡት።

«አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ?»

«አሁንማ አደባለቁብኝ።»

ጋሼ ይሄነው የግቢውን ዘበኛ ተጣሩ።

«ያን ቧንቧ ከዚህ አንሣልኝ፤ እግር ይጠልፋል። እርሾውንም ይዘህ ና።»