የጎረቤቴን ልጅ ታቅፌ የተሰለፍኩ ዕለት

የዚያን የምርጫ ቀን ቦንጋ ላይ የተሰለፍኩት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን የተራመድኩት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ዘገየ፤ ከዚያ የኮሮጆውን ባዶነት ታዛቢዎች እስኪያዩ ተጠበቀ፤ ከዚያ ደግሞ አስመራጩ ስማችንን መዝገቡ ላይ በጣቱ እየተከተለ ሲፈልግ ዘመን ፈጀ። ካፊያው አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይተዋል። የቀበሌው ግቢ ጭቃ ጫማዬን ውጦታል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ልጅ ያዘሉትን ነው። "ነፍሰ ጡርና እመጫት ወደ ፊት!" በተባለ ቁጥር አንዷ እየሳቀች ታልፈኛለች። ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ አልወለድኩም። ለእኔ ያ ጥሪ "አንቺ ግን እዚያው ቁሚ" ማለት ነበር።

ከሁሉም ያናደደችኝ ጎረቤቴ ናት። ከእኔ በኋላ አግብታ ሦስተኛዋን የወለደች ልጅ፣ ዘንጣ መጥታ ወዲያው መርጣ ወጣች። ሕፃኗን እንደታቀፈች፣ ቀለም የነካ አውራ ጣቷን እያራገበች ወደ እኔ መጣች። ምን እደብቃለሁ፣ ቅናት አንጀቴን አሳረረው።

"እትዬ፣ እስካሁን እዚህ ነዎት?" አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ይቺን ይያዙና ይለፉ። ቅድም አንዷን በእሷ አሳልፌያታለሁ። በር ላይ እጠብቅዎታለሁ።"

ያን ቀን ሴቶቹ ሕፃን እንደ ጃንጥላ ሲዋዋሱ ነው የዋሉት። ተቀበልኳት። የአራት ወር ልጅ ናት፤ ወተት ወተት ትሸታለች። በነጠላዬ ሸፈንኳት፤ አንገቴ ሥር ተወሽቃ እንቅልፍ ወሰዳት።

"ሕፃን የያዛችሁ!" ብሎ አስመራጩ ተጣራ። አልተንቀሳቀስኩም።

"ሂጂ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ ከኋላዬ።

"ግድ የለም፣ ተራዬን እጠብቃለሁ።"

ጠዋት ሙሉ የረገምኩት ሰልፍ አሁን የሚሮጥ መሰለኝ።

እናቷ በር ላይ ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት መጣች። "ምነው አልገቡም?" ብላ እጇን ዘረጋች። እቅፌን ጠበቅ አደረግሁ። ፊቴን አየችው፤ ክንዴን አየችው። የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

"እንግዲያው ትንሽ ይያዙልኝ" አለች ቀስ ብላ። "እኔ አልቸኩልም።"

ብትነጥቀኝ ይሻለኝ ነበር። እስከዚያ ቀን የቀናሁባት በልጆቿ ነበር፤ በዚያች ደግነቷ ግን ጠላኋት። ሕፃኗን አልመለስኩላትም።