ያለ እንባ የምታለቅሰው ልጄ

በደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው። ገና ጥርስ ማብቀል የጀመረች ልጄን ተቅማጥ ያዛት። በሰፈራችን ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውኃ አይሰጠውም፤ ውኃ ሆድ ያላላል ይባላል። እኔም ከለከልኳት። በማግስቱ ስታለቅስ እንባ አልነበራትም። ጎረቤቴ ጠጋ ብላ አየቻትና፣ «ይቺ ልጅሽ አይደለችም፤ ሌላ ነው በአፏ የሚያለቅሰው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ዐይኗን ማየት ፈራሁ።

አዝያት ወደ ሐይቅ ከተማ መድኃኒት ቤት ስሄድ ጉሙ የሐይቁን ውኃ ሸፍኖት ነበር። ልቅሶዋ ከጀርባዬ ሳይሆን ከጉሙ ውስጥ የሚመጣ መሰለኝ።

ባለመድኃኒቱ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው አልተመለሰም፤ እንደተቆነጠጠ ቆመ።

«ማቆሚያ ኪኒን ይስጡኝ፣ ጋሼ» አልኩት።

«የጎደላት ውኃ ነው እንጂ ኪኒን አይደለም። ጡትም እንዳትከለክያት።»

«ሌላ ነገር ገብቶባታል ይላሉ።»

«የገባባት የለም እህቴ፤ የወጣባት ነው የበዛው» አለና የጨውና የስኳር ዱቄት ከከረጢት አውጥቶ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በኩባያ በጠበጠልኝ። «በማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ። ብታስመልስም ትንሽ ቆይተሽ ድገሚላት። እስከ ማታ ካልሸናች ደሴ ሆስፒታል ነው። አብሽሪ።»

እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አጠጣኋት። ማንኪያውን ባቀረብኩ ቁጥር የሚጠጣው ያ ሌላው እየመሰለኝ ፊቴን አዞር ነበር። ከሰዓት በኋላ ጭኔ ላይ ሙቀት ተሰማኝ፤ ሸንታብኝ ነው። ቀሚሴን ላራግፍ ኩባያውን ሳነሳባት በሁለት እጇ ያዘችና አልለቅም አለችኝ።