ያላሽካኩ ፈረሶች

ልጅ ሳለሁ አያቴን አላምናቸውም ነበር። ማታ ማታ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ ፍሙን ከበን ስንቀመጥ፣ በአርበኝነት ዘመናቸው ዳንግላ መንገድ ላይ የገደሉትን የጣልያን ሻምበል ያወሩልናል። ሻምበሉ አንድ ቀን የበሩን ጉበን ያክላል፤ በሳምንቱ ደግሞ ሳይንጠራራ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ይነካል። ማጋነኑን ከሳቸው ስለወረስኩ እኔንም ግማሹን ብቻ ብታምኑኝ አልቀየምም።

ምሰሶው ላይ አንድ የብረት እርካብ ተንጠልጥሎ በኩራዙ ብርሃን ያብለጨልጭ ነበር። «የሻምበሉ ነው» ይሉናል። የጎረቤታችን ልጅ የሺ ግን ወንዝ ወርደን ውሃ ስንቀዳ «ወግ ነው! ጣልያን ሸልሟቸው ነው። አያትሽ እኮ ባንዳ ነበሩ፤ እናቴ ናት የነገረችኝ» አለችኝ። ያኔ ከባንዳ ቤት ልጁን የሚድር አልነበረም፤ አጎቴ ደግሞ ለማግባት ደርሷል።

ከዚያ ወዲያ አያቴን እንደ ድመት አደባቸው ጀመር። በኛ አገር አርበኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ኮርቻው ላይ ተደርጎ በለቅሶው ሜዳ ይዞራል፤ ጓደኞቹም ይፎክራሉ፣ ይተኩሳሉ። ቤት ውስጥ ጣሪያው እስኪነቃነቅ የሚፎክሩት አያቴ ግን እንዲህ ያለው ለቅሶ ላይ ከሴቶቹ ኋላ ይሸጎጣሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ለምን አይፎክሩም?»

«ጉሮሮዬን አሞኛል።»

ማታውን ጉሮሯቸው ድኖ ሻምበሉን እንደገና ገደሉት። ነገሩ አላማረኝም።

ጥርባ በሚባለው መንደር የሚኖሩት አርበኛው ግራዝማች ሲያርፉ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለለቅሶ ሄደ። አያቴ ወገቤን፣ ጉልበቴን ቢሉም ከመሄድ አልቀሩም። ተኩሱ ሲጀመር የግራዝማች ዳማ ፈረስ ደነበረ፤ ልጓሙን የያዘውን ጎረምሳ እንደ ጭራሮ እየጎተተ ወደ አልቃሾቹ መጣ። ሴቶቹ እየጮሁ ሲበታተኑ አንድ ሰው ብቻ ወደ ፈረሱ ሄደ። አያቴ ነበሩ። ኩታቸውን ገፈው አፍንጫው ላይ ጠቀለሉበት፣ ግንባራቸውን ከግንባሩ አጋጠሙና በአገውኛ እንደ ሕፃን ያባብሉት ጀመር። ፈረሱ ቆመ። እምላለሁ፣ ነፋሱም ቆመ።

ከባላቸው ጋር የዘመቱት የግራዝማች ሚስት፣ እመት ጥሩነሽ፣ ለቅሷቸውን አቋረጡ።

«አንተ! የት ጠፍተህ ኖርህ?» አሉና ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። «እኛ መንገድ ላይ ስናደፍጥ ጫካ ውስጥ የሁላችንን ፈረስ አፍኖ የሚይዝ እሱ ነበረ! አንዷ ብታሽካካ ኖሮ ዛሬ የሚለቀስለትም የሚያለቅስም ባልኖረ!»

የየሺ እናት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አያቴ ግን በመክበር ፈንታ እንደ ተያዘ ሌባ አንገታቸውን ደፉ።

ስንመለስ ከጎናቸው ተጠግቼ «አባባ፣ ሻምበሉንስ ማን ገደለው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ? እኔ ጫካ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዋሹን?»

«ፈረስ ያዝኩ ተብሎ ይፎከራል እንዴ፣ አንቺ?»

«እርካቡስ?»

«ወድቆ አገኘሁት» አሉና እርምጃቸውን አፈጠኑ። ይህንንም አላመንኳቸውም።

አጎቴ በሰላም አገባ። አያቴም በዚያው ክረምት አለፉ። ፈረሳቸው ተጭኖ ሲወጣ ኮርቻው ላይ ጠመንጃ አልነበረም፤ ያች አሮጌ ኩታ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። ጎልማሶቹ ለመተኮስ ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ ሲያቀኑ እመት ጥሩነሽ ምርኩዛቸውን አነሡ። «ዛሬ ጥይት የለም! ፈረሶቹን እንዳታስደነብሩበት።»

ጠመንጃዎቹ ወረዱ። ፈረሱ ሜዳውን ሲዞር የኮቴው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ስንት ፉከራ ሰምቼ ረስቻለሁ፣ ያ ኮቴ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እርካቡ አሁን እኔ ቤት ተሰቅሏል። ከየት እንደ መጣ ዛሬም እጠራጠራለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ሲጠይቁኝ ግን ሻምበሉን ትንሽ አስረዝመዋለሁ።