የአባቴ ዘጠኝ ነጥቦች

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። ጋፋት አጠገብ ባለች ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ስማርት ስልክ የገዛሁላቸው እኔ ነኝ፤ የቆለፍኩባቸውም እኔው።

«መቆለፊያውን ይሣሉ» ስላቸው መስታወቱ ላይ በወጡት ዘጠኝ ነጥቦች ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ከግራ ወደ ቀኝ አስኬዱ። መስቀል! «ይኸንማ ደብሩ ሁሉ ይገምተዋል፤ ሌላ ይሣሉ፣ ለማንም አያሳዩ» ብዬ ሳቅሁ። ደብረ ታቦር ከተማ ኮምፒውተር አስተምራለሁና አዋቂ ነኝ። ቅር ብሏቸው ፊታቸውን አዙረው ሌላ ሣሉ። አሻራቸውንም አስመዘገብኩላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወራት ሙሉ በጣታቸው ብቻ ሲከፍቱት ከረሙ።

ዘንድሮ ክረምት መብራት ጠፍቶ ሰነበተና የስልኩ ባትሪ አለቀ። ቻርጅ አድርገው ሲያበሩት አሻራቸውን አልቀበልም አለ። ነጥቦቹን ጠየቀ። አባቴ ደግሞ የሣሉትን ረስተውታል።

«የየኔታ ድምፅ እኮ እዚያ ውስጥ ነው» አሉኝ። የኔታ የሚሏቸው ዜማ ያስተማሯቸውን መምህር ነው፤ አምና አርፈዋል። አልጋ ላይ ሆነው አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያርሟቸው የተቀዳው ድምፅ ሌላ የትም የለም።

ከተማ ያለው የስልክ ጠጋኝ «ፎርማት ላድርገው?» አለኝ። ሁሉም ይጠፋል ማለት ነው። ስልኩን ነጥቄው ወጣሁና ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ስልክ ጠፍቶ ሲበራ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደተመሰጠረ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈታው ባለቤቱ በሣለው እንጂ በአሻራ አይደለም። የሠሩት ሰዎች እንኳ አይከፍቱትም። በተሳሳቱ ቁጥር ደግሞ የሚያስጠብቀው ጊዜ ይረዝማል። እንዲህ ያለ ግትር ዕቃ አይቼ አላውቅም። ተናደድኩበት፤ እውነቱን ለመናገር ወደድኩትም።

ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ያን ዕለት ምን እያሰቡ ነበር የሣሉት?»

«ምን አስባለሁ? ተቀይሜሽ ነበር። በሆዴ እያዜምሁ እጄ የሄደበትን ሣልሁ።»

«እንግዲያው አሁንም ያዚሙት። ቆመው፣ መቋሚያዎን ይዘው።»

ተነሡ። መቋሚያውን ከፍ፣ ወደ ጎን ዘንበል፣ ደግሞ ዝቅ እያደረጉ አዜሙ። ሁለት ጊዜ ስልኩን ሞክረው እምቢ አላቸው። ሦስተኛው ላይ ዜማውን ሳያቋርጡ መቋሚያውን ብብታቸው ሥር ወሸቁና ስልኩን አነሡ። ለማየት ብንጠራራ ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ተከፈተ። «ለማንም አያሳዩ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ።

የተቀዳውን ሲነኩት መጀመሪያ የራሳቸው ዜማ ተሰማ። ወዲያው አንድ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ አቋረጠው፦ «አይደለም! ከመጀመሪያው፣ እንደገና በል!»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባቴ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እሺ የኔታ» አሉና ከመጀመሪያው ጀመሩ።