አጥር ሲሄድ ያየ ካሜራ

ካሜራዬ የሞተው እንጦጦ ላይ፣ አንዲት ግንደ ቆርቁር ሳሳድድ ነው። ወፏ ከግንድ ወደ ግንድ ትዘላለች፤ እኔ ዓይኔን ከካሜራው ሳልነቅል እከተላታለሁ። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስረግጥ ቅጠሉ ከሥሬ ሸሸ። እኔ በቂጤ ቁጭ አልኩ፣ ካሜራው በአፍንጫው ድንጋይ ላይ ተተከለ። አንስቼ ሳበራው ሌንሱ እስከ ግማሽ ወጣና እንደ አሮጌ ወፍጮ ክርርር ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አልገባም፣ አልወጣምም።

መገናኛ ያለው ጠጋኝ አገላብጦ አየውና፣ "ስንት ዓመት አገለገለሽ?" አለኝ።

"አሥራ አንድ።"

"በቂ ነው። ነፍስ ይማር" ብሎ መለሰልኝ።

የካ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እወጣለሁ። ሰዎች "ለጤና ነው?" ሲሉኝ "አዎ" እላለሁ፤ ለወፍ ነው ያልኩ ጊዜ ፊታቸው ላይ የማየው ሐዘኔታ አይመቸኝም። የምፈልገውም ግልጽ ነበር። ሌንሱ ከራሱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ፣ ሩቁንም ቅርቡንም በአንድ ቁልፍ የሚያደርስ፣ ከባድ ቦርሳ የማያሸክም ዙም ካሜራ። የድሮው ዓይነት፣ ትንሽ ሻል ያለ። በቃ።

"በቃ" የሚባል ቃል ግን እኛ መምህራን ክፍል ውስጥ አይሠራም። የፊዚክስ መምህራችን ካሜራ ልገዛ መሆኑን የሰማ ቀን ሻዩን ትቶ ወንበሩን ወደ እኔ ጎተተ። የትምህርት ቤቱ የካሜራ ሊቅ እሱ ነው፤ ማን ሾመው ብሎ የጠየቀ የለም።

"እንዳትሳሳቺ" አለኝ። "የእነዚያ ዙሞች ብርሃን መቀበያ ሴንሰር ጥፍር አያህልም። ሁሉን እሠራለሁ የሚል ካሜራ አንዱንም በደንብ አይሠራም። ካሜራውን ለብቻ፣ ሌንሱን ለብቻ ነው የምትገዢው።"

"ስንት ሌንስ?"

"ለጊዜው ሦስት።"

ከዚያ የራሱን ፎቶዎች በስልኩ አሳየኝ። እውነቱን ለመናገር ጥራታቸው ያስደነግጣል፤ ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ችግሩ፣ ሁሉም የመምህራን ክፍሉ መስኮት ላይ የምታርፍ የአንዲት ድንቢጥ ፎቶዎች መሆናቸው ነው። ከፊት፣ ከጎን፣ ስታስብ፣ ስትኩነሰነስ።

"እንጦጦ ለምን አትወጣም? እዚያ ስንት ወፍ አለ እኮ" አልኩት።

"ቦርሳው ይከብዳል" አለ፣ ጉልበቱን እያሸ። "ዳገቱን አልችለውም።"

ምክሩን አመስግኜ ብቻዬን መገናኛ ወረድኩ። አንድ የገበያ ማዕከል ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ አለ። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ሻጭ ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ።

"ለሠርግ ነው ለልደት የፈለጉት?"

"ለወፍ።"

ፈገግታው ባለበት ቆመ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የወፍ ሥራ ያዋጣል እንዴ?" አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

ሁለት ዓይነት ዙም ካሜራ ነበረው። የአንደኛው ሳጥን ላይ ጨረቃ ተስላለች፤ የሁለተኛው ላይ አንበሳ። ልዩነታቸውን ብጠይቀው፣ "ይኼኛው ጨረቃን ያመጣል፣ ያኛው አንበሳ ያመጣል" አለኝ። ከፍተህ አሳየኝ ስለው ደነገጠ።

"ሳጥኑ ከተከፈተማ ገዝተዋል ማለት ነው።"

"ሳላየው እንዴት እገዛለሁ?"

"ሳጥኑ ላይ አለልዎት እኮ፣ ሁሉም ተጽፏል።"

የትዳር አጋሬን እንኳ እንዲህ አልመረጥኩም። ጨረቃና አንበሳውን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ማታ ስልኬ ላይ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበትን ገጽ ስጎረጉር አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ፤ "ዙም ካሜራ፣ ብዙ ያልተነካ፣ ባለቤቱ ሥራ ስለቀየረ።" ደወልኩ። ካፌ እንገናኝ አለኝ። እኔ ደግሞ እንጦጦ ካልሆነ አልኩ። ካፌ ውስጥ ግድግዳ የማያነሳ ካሜራ የለም፤ የምገዛውን ካሜራ የምፈትነው በምሠራበት ቦታ ነው። "እንጦጦ?" አለና ትንሽ አስቦ ተስማማ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ጠፍጣፋ አለት ላይ ጠበቅሁት። ሹል ጫማና ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እያለከለከ መጣ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። የቤትና የቦታ ደላላ መሆኑን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ ከመስጠቱ በፊት በእሱ ያነሳውን ፎቶ ሊያሳየኝ ፈለገ።

ፎቶው አንድ አዲስ አፓርታማ ነው። ከጀርባው የመገናኛ ሕንፃዎች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ቆመዋል፤ በረንዳው ላይ ሆነህ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካቸው ይመስላል። ሕንፃውን አወቅሁት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እዚያ ተከራይታ፣ በሁለት ታክሲና በአንድ ባጃጅ ነው ትምህርት ቤት የምትደርሰው።

"ይኼ እኮ ከከተማው ዳር ነው" አልኩት።

"ነው" አለ፣ ቅንጣት ሳያፍር። "ከሩቅ ቆመሽ በዙም ስትስቢው የኋላው ወደፊት ይመጣል። 'ከመገናኛ አምስት ደቂቃ' ብዬ ሸጬዋለሁ። እኔ አልዋሸሁም፣ ካሜራው ነው።"

መናደድ ነበረብኝ። ስንቱ ሰው በዚያ ፎቶ ቤት እንደገዛ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን፣ የራሴን ገመና ልናገርና፣ በሆዴ ያልኩት "ዙሙስ ጥሩ ይስባል" ነበር።

ካሜራውን ተቀብዬ ስሞክረው አንዲት አሮጊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አለቱ ላይ ሊያርፉ መጡ። አውቃቸዋለሁ። ከገደሉ ማዶ ትንሽ የገብስና የድንች ማሳ አለቻቸው፤ ድንቹን ሾላ ገበያ አውርደው ይሸጣሉ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። እኔን "የወፏ ልጅ" ይሉኛል።

"ካሜራሽ ዳነልሽ?"

"አይ እማማ፣ ሌላ ልገዛ ነው። ቤትዎን በዚህ ላሳይዎት?"

ካሜራውን ወደ ማዶው ተዳፋት አዙሬ ዙሙን እስከ መጨረሻው ሳብኩና መመልከቻውን ዓይናቸው ላይ አስጠጋሁላቸው። መጀመሪያ የሚያየውን ዓይን ጨፍነው የማያየውን ከፈቱ። ካስተካከሉ በኋላ ሳቁ። "ውይ! ዶሮዬ! ዶሮዬ እኮ ናት!" ቀጥለው ካሜራውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸው ላይ አጣበቁት።

"ምን አዩ እማማ?"

"ያ ሰውዬ" አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። "አጥሬን እየነቀለው ነው።"

ነጥቄያቸው አየሁ። አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ኮቱን አውልቆ ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ የአጥር እንጨት ከጉድጓድ ይነቅላል፤ አራት እርምጃ ያህል ወደ አሮጊቷ ጎጆ ይራመድና አዲስ ጉድጓድ ውስጥ ይተክለዋል። በእርጋታ፣ ጫፉን በዓይኑ እየለካ ነው የሚሠራው።

"ጎረቤቴ ነው፤ የማኅበር ወንድሜ!" አሉ አሮጊቷ። "ዛሬ ሚካኤል መሆኑን፣ እኔም ከዚህ እንደማልቀር ያውቃል። በየዓመቱ አጥሩ ይሄዳል። ለሽማግሌ ብናገር 'እማማ፣ አርጅተሻል፤ አጥር አይሄድም' አሉኝ። ይኸው ሲሄድ!"

ቁልፉን ተጫንኩ። ካሜራው ሰውየውን ትቶ ፊት ለፊቴ ያለች የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አተኮረ። ግራ ተጠጋሁ፤ ደግሞ ደበዘዘ። አሮጊቷ ክርኔን ይዘው "አንሺው! አንሺው!" ይሉኛል። ትንፋሼን ዋጥኩና ቁልፉን በግማሽ ተጭኜ ጠበቅሁ። ያዘው። ሲነቅል አነሳሁት፣ ተሸክሞ ሲሄድ አነሳሁት፣ ሲተክል አነሳሁት፣ በመጨረሻም ወገቡን ይዞ ሥራውን ሲያደንቅ አነሳሁት። ስክሪኑ ላይ ስናየው ጢሙ ሳይቀር ይለያል።

ደላላው በትከሻዬ በኩል ተንጠራርቶ አየ። ያዘነ መሰለኝ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞሮ በትሕትና፣ "እማማ፣ ቦታው ካርታ አለው?" አለ።

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አዩት። "አንተ ካሜራህን ሽጥላትና ወደ ቤትህ ሂድ" አሉት። እንዳሉት ሆነ። ካሜራ የመረጥኩት እንዲህ ነው።

በማግስቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አሮጊቷ ሦስት ሽማግሌዎች አስቀመጡ። እኔም ፎቶዎቹን ፎቶ ቤት አሳጥቤ ምስክር ሆኜ ተገኘሁ። ጎረቤትየው ነጠላውን አሳምሮ ለብሶ፣ መስቀል ተሳልሞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ፎቶዎቹን ተቀባበሉ። አንደኛው ገልብጠው ጀርባውን አዩና፣ "ማኅተም የለውም" አሉ።

"እኔ የዘመመ አጥር እያቃናሁ ነበር" አለ ጎረቤትየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ፈጽሞ ያልጠበቅሁትን ተናገረ። "ደግሞ ይኼ የዙም ፎቶ ነው። ዙም ሩቁን ያቀርባል። አጥሩ ከጎጇቸው የራቀ ነው፤ ካሜራው ነው ያስጠጋው። አምና አንድ ደላላ በእንዲህ ያለ ፎቶ አስፋልት ዳር ነው ብሎ ገደል ውስጥ ያለ ቦታ ሊሸጥልኝ ነበር። አስተማሪ አይደለሽ? ውሸት ነው በይ!"

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ሰውየው ሌባ ነው፤ ስለ ሌንስ የተናገረው ግን ትክክል ነው። ዓመቱን ሙሉ ልጆች ፊት ስለ እውነት ስሰብክ ኖሬ፣ እዚህ ምላሴ ላይ ውሸት መጥታ ስትንጠለጠል ተሰማኝ። ዋጥኳት።

"እውነቱን ነው" አልኩ። "ካሜራው ርቀት ያሳጥራል። በዚህ ፎቶ አጥሩ ከጎጆው ምን ያህል እንደሚርቅ መለካት አይቻልም።"

አሮጊቷ የከዳኋቸው መሰላቸው፤ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ጎረቤትየው ፈገግ አለ።

"ግን ካሜራ ጉድጓድ አይቆፍርም" ብዬ ቀጠልኩ። "እንጨት ሲነቅልበት የተነሳው ጉድጓድ ማዶ ማሳው ላይ ይኖራል ወይም አይኖርም። ሄደን እንየው።"

ፈገግታው ጠፋ። ፀሐዩ፣ ዳገቱ፣ ምሳ ሰዓት መድረሱ ድንገት አሳሰበው፤ ለሽማግሌዎቹ ጉልበት እንደዚያ ቀን ያዘነ ሰው አላየሁም። ሽማግሌዎቹ ግን ተነሱ። ቦታው ስንደርስ የድሮው የአጥር መስመር የለም፤ ያለው አንድ ወጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ምንጣፍ ነው። ማኅተም የጠየቁት ሽማግሌ በከዘራቸው ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉ ከዘራው እስከ ግማሹ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደው ደገሙት። ሌላ ጉድጓድ። ጎረቤትየው ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ።

ፍርዱ ሲነገር የሳቅሁትን ሳቅ ዛሬም አልረሳውም፤ ምሬት የነበረበት ሳቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ለረጅም ጊዜ ተማክረው፣ "ለሰላም ሲባል" አሉ፣ አጥሩ ከሄደበት እኩሌታውን ይመለስ። እኩሌታውን! እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት አሮጊቷ ቀደሙኝ።

"እናንተ ሰዎች" አሉ፣ "ይኼ ሰውዬ ሲሰርቅ ሙሉውን፣ ሲመልስ ግማሹን ከሆነማ፣ እኔም ነገ የእሱን አጥር ልንቀልና ለሰላም ሲባል ግማሹን ልውሰድ።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳያስቡት ሳቁ፤ ሁለተኛው ተከተሉ። ማኅተም የጠየቁት በከዘራቸው መሬቱን መቱና፣ "ሙሉውን ይመልስ" አሉ። ጎረቤትየው ኮቱን አውልቆ መንቀል ጀመረ። አሮጊቷ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ መጨረሻው እንጨት እስኪተከል ድረስ አልተነሱም። እኔን ደግሞ "አንሺው" አሉኝ። አነሳሁት።

ሰኞ ፎቶዎቹን ለፊዚክስ መምህሩ አሳየሁት። ታሪኩን ከነሽማግሌዎቹ፣ ከነጉድጓዶቹ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ፤ ሲነቅል የተነሳውን አጉልቶ አየና፣ "ጥላው ላይ ጥራቱ ይወርዳል። ብዬሽ ነበር" አለኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ተዳፋት ሳልፍ ጎረቤትየው ከሩቅ አይቶ ጠራኝ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ቆምኩ። እሱ ግን ግራ ቀኙን ገላምጦ ቀረበኝና፣ በአክብሮት፣ ከዚህ በፊት ባልሰማሁበት ለስላሳ ድምፅ ተናገረ።

"መምህርት" አለኝ፣ "ከታች በኩል ሌላ ጎረቤት አለኝ። ሌባ ነው። በየዓመቱ አጥሩን ወደ እኔ ይገፋዋል። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጠብቆ ነው። እንደው በሚቀጥለው ሚካኤል... አለቱ ላይ ወንበር አወጣልሽ ነበር።"