ከመስተዋቱ የነዳኋቸው ላሞች

ባሌ ያባረረኝ በጥቅምት ነው፤ የርብ ወንዝ ውሃ ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ገበሬው ጓያ ለመዝራት ሲጣደፍ። ከሐሙሲት አንዲት ልጅ እግር ሴት አምጥቶ፣ ጠጪው ሁሉ እየሰማ፣ በጠጅ ቤታችን መሐል ቆሞ፣

"መካን ነሽ። ቤቴ ወራሽ ይፈልጋል፤ ውጪልኝ" አለኝ።

አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ሁሉም ብርሌውን ያይ ነበር።

ያ ጠጅ ቤት ወረታ ላይ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ሹፌሮቹ "ላሞቹ ቤት" ይሉታል። ላሞቹን የሣልኋቸው እኔ ነኝ። አባቴ በጣራ ገዳም አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ቀለም እየፈጨሁለት እጄን አፍታታሁ። ሴት ግን መቅደስ ገብታ አትሥልም። ስለዚህ ሳገባ፣ ባሌ ከአስመራ በጭነት መኪና ባስመጣቸው ትልልቅ መስተዋቶች ላይ የሥዕል አምሮቴ ወጣልኝ። ቅባታቸውን በሎሚ አስለቅቄ፣ ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ የዘይት ቀለም እያመጣሁ፣ ባንደኛው ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላሞችን እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ አቆምሁ። በሌላው ላይ በበቅሎ የምትሄድ ሙሽራ ሣልሁ። ከመንገዱ የሚወርደው ሰው መጀመሪያ እነሱን ያያል፤ ከዚያ ጠጅ ያዛል።

ሽማግሌ ተቀመጠልን። ባሌ "ቤቱም፣ ጋኑም፣ ከብቱም እሷ ሳትመጣ የነበረ ነው" አለ። ሽማግሌዎቹ የሱን ጠጅ የለመዱ ነበሩ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈረዱ፦

"ልጄ፣ በገዛ እጅሽ የሠራሽውን ይዘሽ ውጪ። የቀረው የሱ ነው።"

ሌማቴንና ሰፌዴን ማለታቸው ነው።

"በእጄ የሠራሁትን ሁሉ፣ አባቴ?"

"ሁሉንም።"

"ነገ ቃል እንዳይታጠፍብኝ።"

"የሽማግሌ ቃል አይታጠፍም!" አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

በገበያው ቀን፣ ቤቱ ጢም ሲል፣ ምላጭና ጨርቅ፣ ቀለም ማቅጠኛውንም አኳራጅ ይዤ ገባሁ። የደረቀ ቀለም በችኮላ አይነሣም። ጨርቁን በአኳራጅ ነክሬ ላሞቹ ላይ ለጠፍሁና ቀለሙ እስኪያብጥ ጠበቅሁ። ከዚያ ምላጩን አስተኝቼ መፋቅ ጀመርሁ። የመጀመሪያዋ ላም ቀንዷ ሲረግፍ ጠጪው ሁሉ ወደኔ ዞረ።

ባሌ ከጓዳ ወጣ። "ምን እየሠራሽ ነው?"

"የተፈረደልኝን እየወሰድሁ።"

እጄን ሊይዝ መጣ። እስከዚያ ቀን "አንቱ" ነበር የምለው። "ራቅ በል!" አልሁት። ባለበት ቆመ። በሰው ፊት "በል" ያለው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

"ጋኑን ውሰጂ" አለ፣ ድምፁ ወርዶ። "በቅሎዬንም ውሰጂ። መስተዋቱን ተዪልኝ።"

"መስተዋቱማ ያንተ ነው። እኔ ላሞቼን ነው የምነዳው።"

አንድ ሹፌር በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ቤቱን ሁሉ ያዘው። ባሌ ጥግ ወደተቀመጡት ወደ ትልቁ ሽማግሌ ዞረ። "አባቴ፣ ይከልክሏት እንጂ!"

"ፈርደናል፤ ምን ይደረግ?" አሉና ጠጃቸውን ተጎነጩ።

አዲሷ ሚስት ከጓዳው በር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ስድብ አዘጋጅቼላት ነበር። ሳያት ግን አባቷ ያለ ፈቃዷ የዳራት ልጅ መሆኗ ከፊቷ ይነበባል። ለሷ ያሰብሁትንም ለባሌ ጨመርሁለት።

ሙሽራዋ ዘንድ ስደርስ ምላጩን በስለቱ ቀጥ አድርጌ አቆምሁት። ምላጭ ከቆመ መስተዋት ይቧጭራል፤ አውቄ ነው። ሰው ቆሞ ፊቱን በሚያይበት ቁመት ላይ፣ ወዲህና ወዲያ፣ በደንብ አድርጌ ሞዠቅሁት። ከዚያ ወዲያ በዚያ መስተዋት ፊቱን ያየ ሁሉ ጉንጩ የተተለተለ ይመስለው ነበር። የቀለሙን ፍቅፋቂ በነጠላዬ ጫፍ ሰብስቤ መንገዱ ላይ በተንሁት።

ሙስሊሙ ነጋዴ ከሱቃቸው ጎን ክፍል ሰጡኝ። "ልጄ፣ መጀመሪያ የኔን መስኮት ሣዪ" አሉኝ። መስኮታቸው ከጠጅ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ላሞቹን ከበፊቱ አግዝፌ፣ ጭራቸውን ወደ ባሌ በር አዙሬ ሣልኋቸው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጠጅ ሻጭ መስተዋቷን በኔ አሣለች፤ ሹፌሮቹም ወደሷ ዞሩ። ባሌ ከጎንደር ሠዓሊ አስመጣ። ሰውየው ጭረቱን በቀለም ሊሸፍን ሞክሮ መስተዋቱን የቆሸሸ አስመሰለው። ጠጅ ቤቱ እየቀዘቀዘ ሄዶ ተዘጋ። ልጅቷም ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እሷም አልወለደችለትም።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ጎረቤት መጥታ ባሌ በቁርጥማት እንደወደቀ፣ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ በቃሬዛ እንደወሰዱት ነገረችኝ።

"በጣም ያመዋል?" አልኋት።

"ያስጮኸዋል።"

እግዜር ይማረው እንድል ጠበቀችኝ። እኔ ቀለሜን መበጥበጤን ቀጠልሁ።