ከድር ላሙን ደበርሴ

ሰዎቹ እነዚህ ናቸው። ጨፋ ውስጥ በረቱ የሞላለት ከድር። ጎረቤቱ ይማም፣ ፍየል እንኳ ያልነበረው። የይማም ሚስት ዘይነባ፣ ያኔ አራስ። ከከሚሴ የሚመጣ አንድ ካድሬ። የገበሬ ማህበሩ ጸሐፊ ደግሞ እኔ፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል የለየሁ ጎረምሳ።

ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ታጠናለች። ባለፈው ለእረፍት መጥታ፣ የማሽላ እሸት እየጠበስን ሂታይት ስለሚባሉ ጥንታውያን አጫወተችኝ። በሸክላ ላይ ይጽፉ ነበር። አንዳንዴ ሉዊያን የሚባሉትን የጎረቤቶቻቸውን ግስ እንዳለ ያስገቡና ከፊቱ ትንሽ ምልክት ያደርጉበታል፤ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ነው ለማለት። ዛሬ ሊቃውንት በአንዱ ግስ ትርጉምና ምንጭ ይከራከራሉ።

«የሚናገረው ሰው ስላለቀ እኮ ነው፣ አባ። ከዙሪያው ካሉት ቃላት ነው የሚገምቱት» አለችኝ።

«ተናጋሪው እያለም ግስ ይሞታል» አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በደርግ ጊዜ ነው። ዘይነባ በበልግ ወልዳ ጡቷ ደረቀ። ከድር ይህን ሲሰማ ዳለቻ ላሙን ከነጥጃዋ ነድቶ ይማም ደጅ አሰረ። ወጋችን ነበር። ወተቱ የጠባቂው ነው፤ ላሟና የምትወልደው የባለቤቷ። የመጀመሪያው ቅቤ በቅል ሆኖ ለባለቤቷ ይሄዳል፤ እሱም በጣቱ ነክቶ ግንባሩን ይቀባና ቀሪውን መርቆ ይመልሳል። ይህን ላደረገ ሰው «ደበርሴ» ይባልለታል። ግሱ ኦሮምኛ ነው፤ ሥሩ ማሳለፍ፣ ማሻገር ነው።

ማህበሩ ከብት ሲመዘግብ «ከድር አንዲት ላም ለይማም ደበርሴ» ብዬ ጻፍኩ። «ሰጠ» ብል ውሸት ነው፤ «አከራየ» ብል ነውር። አማርኛው ቢያጥረኝ ግሱን እንዳለ አስገብቼ አሰመርኩበት።

ካድሬው ዋርካው ሥር ሰብስቦን መዝገቡን ገለጠ።

«ጓድ ጸሐፊ፣ ይህ የተሰመረበት ምንድን ነው?»

«ኦሮምኛ ነው፣ ጓድ።»

«ትርጉሙን ነው የጠየቅኩህ! ከብቱን በድሃ ጉልበት የሚያስጠብቅ በዝባዥ እዚህ ካለ፣ እስር ቤቱ ሰፊ ነው።»

አፌን ሳልከፍት ከድር ተነሳ። «ሰጠ ማለት ነው። ሰጥቼዋለሁ።»

«ለሁልጊዜ?»

«ለሁልጊዜ።»

ካድሬው ወደ ይማም ዞረ። ይማም ከድርን አየ። «እሱ ካለ... ነው» አለ።

ከኋላ አንዱ፣ «ያ ይማም! ዛሬ ባለ ከብት ሆንክ፤ ነገ በዝባዥ ብለው እንዳያስሩህ!» ብሎ አሳቀን። ከዚያ እንድናጨበጭብ ታዘዝን፤ አጨበጨብን። እውነቱን የማያውቅ ካድሬው ብቻ ነበር።

ቅቤው ሲደርስ ዘይነባ በቀትር ቅሏን ይዛ ከድር ደጅ ቆመች። እኔ ከእሱ ጋር ግቢው ውስጥ ነበርኩ።

«መልሺው፣ እታለም። የሰጠሁት ላም ቅቤ እኔ ቤት ምን ይሠራል?»

«አላህን ፍራ፣ ከድር! ላምህ ናት።»

«ቀስ በይ! ጆሮ አለ» ብሎ በሩን ዘጋ።

ዘይነባ ቅሏን ደጃፉ ላይ ትታ ሄደች። ያን ቀን ፀሐዩ የጨፋ ፀሐይ ነበር፤ ቅቤው ቀልጦ በቅሉ ከንፈር ላይ ፈሰሰ፤ አፈሩ ጠጣው። ከድር ከውስጥ ሆኖ ሽታው እየደረሰው አልወጣም።

ይማም እንደ ንቀት ቆጠረው። ላሟን ነድቶ መለሰ፤ ከድር አባረራት። እንደገና መለሰ፤ እንደገና ተባረረች። በመጨረሻ ይማም ጨፋ ሮቢት ገበያ ወስዶ ሸጣት። «የእኔ አይደለች፣ የእሱ አይደለች፤ የማን ብዬ ልለባት?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ መስጊድ እየሰገዱ ሰላምታ አልተለዋወጡም።

ፈርቶ የዋሸን ሰው ለመኮነን አልቸኩልም፤ ከድር ልጆች ነበሩት። ግን ለልጆቼ ሁልጊዜ የምለው አለ፤ ደግ ሥራውን የካደ ሰው፣ ከእሱ በኋላ ደግ ሊሠራ ያሰበውንም ያስፈራል። ከዚያ ቀን ወዲያ በአካባቢያችን ባለ ከብት ሁሉ በረቱን ዘጋ። ግሱንም ከአንደበታችን አወጣነው። ከዚያ ወዲህ ስሰማው አላስታውስም።

እሸቱ ሲበስል ልጄ፣ «ታዲያ ያ ውሸት እናንተን ምን አስከፈላችሁ?» አለችኝ።

ከድርን ላሙን አስከፈለው። ይማምን ወዳጁን። ካድሬውን ምንም። ሁላችንንም ያስከፈለን ግን በድርቁ ዓመት ታየ፤ ዘይነባ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ጡቷ እንደገና ደረቀ። ከደጇ ላም ያሰረ ሰው አልነበረም። ልጁ አልሰነበተም።